የጮቄ ወንዞች ለትራውት ይሆናሉን?

በቅርቡ አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ የመለሰውን ጽሑፍ እንድናርምለት ላከልን። ጽሑፉ ትራውት ስለሚባለው የቀዝቃዛ ወንዝ ዓሣና ስለ አጥማጆቹ ልማድ የሚናገር ነው። ልጁ አማርኛው መልካም ነው። ነገር ግን ከመካከሉ ስንደርስ፣ በክረምት ወራት ፀሐይ ስለሚበረታ ወንዙ ይሞቃል፣ ውኃውም ያንሳል፣ ዓሣውም ይታፈናል የሚል አገኘንና ቆም አልን። በክረምት ውኃ የሚያንስበት አገር የት ይገኛል? ፈረንጆች «ሰመር» የሚሉትን ወር ልጁ «ክረምት» ብሎ መልሶታል። ትምህርት ቤት የሚዘጋበት ጊዜ ለኛም ለነሱም አንድ ስለ ሆነ ሁላችንም እንዲሁ ስንል ኖረናል። ሰኔና ሐምሌ ለነርሱ የሐሩርና የደረቅ ወር ነው፤ ለኛ ግን የጭቃና የጎርፍ።

እንግዲህ ልጁን ብቻ መውቀስ አይገባንም። እኛም ራሳችን ከአንድ ጓደኛችን ጋር ሆነን በዚሁ ስሕተት ላይ አንድ ሙሉ የልማት ጥናት ጽፈን ነበርና። የዛሬው ጽሑፋችን የዚያ ጥናት ታሪክ ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር እንጽፋለን።)

አስቀድመን ስለ ዓሣው እንናገር። ትራውት ቀጭንና ፈጣን፣ ገላው በነጠብጣብ ያጌጠ ዓሣ ነው። ከዓይነቶቹ መካከል ሁለቱ በዓለም ላይ እጅግ ተሰራጭተዋል። አንደኛው ቡናማው ትራውት ሲሆን አገሩ አውሮፓና ምዕራብ እስያ ነው፤ በአፍሪካም በሞሮኮ የአትላስ ተራራ ወንዞች ውስጥ ከጥንት ጀምሮ ይኖራል። ሁለተኛው በጎኑ ላይ ቀይ ቀለም ያለው፣ ቀስተ ደመና ትራውት የሚባለው ነው፤ የዚህ አገሩ የሰሜን አሜሪካ ምዕራባዊ ዳርቻና ከዚያ ወዲያ ማዶ የሩሲያ ካምቻትካ ነው።

ይህን ዓሣ ወዳጆቹ የሚያጠምዱት በትል ወይም በሊጥ አይደለም። በመንጠቆ ላይ ላባና ክር ጠምጥመው የዝንብ መልክ ይሰጡታል፤ ከዚያም በረጅም ቀጭን ዘንግ እያወናጨፉ ውኃው ላይ ቀስ አድርገው ያሳርፉታል። ዝንቡ ክብደት ስለሌለው የሚወረወረው በራሱ አይደለም፤ ወፈር ያለው ክር ነው ይዞት የሚሄደው። ዓሣው እውነተኛ ነፍሳት መስሎት ብቅ ሲል ይያዛል። ጥበቡ አዲስ አይደለም። ኤልያን የተባለው የጥንት ሮማዊ ጸሐፊ፣ ከ1800 ዓመት ገደማ በፊት፣ የመቄዶንያ ሰዎች በመንጠቆ ላይ ቀይ ሱፍና የአውራ ዶሮ ላባ አስረው ነጠብጣብ ያለውን ዓሣ እንደሚያጠምዱ ጽፎልናል። የአውራ ዶሮ ላባ ደግሞ ከቢቸናም ከሞጣም ገበያ አይጠፋም፤ በኋላ እንመለስበታለን።

አሁን ወደ ሙቀቱ ጉዳይ እንምጣ፤ የነገሩ ሥር እዚህ ላይ ነውና። ዓሣ የሚተነፍሰው በውኃው ውስጥ የሟሟውን ኦክሲጅን ነው። ውኃ በቀዘቀዘ መጠን ብዙ ኦክሲጅን ይይዛል፤ በሞቀ መጠን ይለቃል። በባሕር ወለል ከፍታ 10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያለው ውኃ በአንድ ሊትር ወደ 11 ሚሊግራም ኦክሲጅን ሲይዝ፣ 20 ዲግሪ ሲደርስ የሚይዘው ወደ 9 ነው። በዚያው ጊዜ የዓሣው ሰውነት ሙቀት ከውኃው ጋር ስለሚወጣ የኦክሲጅን ፍላጎቱ ይጨምራል። ማለት ገቢው ሲቀንስ ወጪው ይበዛል፤ ይህን ማንም የወር ደመወዝተኛ ይረዳዋል። ትራውት የሚመቸው ከ10 እስከ 16 ዲግሪ ባለው ውኃ ነው። ከ20 በላይ ሲሆን ይጨነቃል፤ ወደ 25 ሲጠጋ ነፍሱ አደጋ ላይ ነች።

ስለዚህ በትራውት አገር ጨዋ የሆነ አጥማጅ በሐሩር ወራት ቴርሞሜትር በኪሱ ይይዛል። ውኃው የሚቀዘቅዘው ሌሊቱን አድሮ ሊነጋ ሲል ስለሆነ ጎሕ ሲቀድ ይወጣል፤ ረፋዱ ላይ ውኃውን ለክቶ 20 ዲግሪ ከደረሰ ዘንጉን አጣጥፎ ወደ ቤቱ ይገባል። ዓሣውን ይዞ መልሶ የሚለቅ ሰው ቢሆንም እንኳ ይህን ማድረግ አለበት። ምክንያቱም በሞቀ ውኃ ውስጥ ሲታገል የደከመ ዓሣ ሲለቁት ዋኝቶ የሄደ ይመስላል እንጂ ከጥቂት ሰዓት በኋላ ሊሞት ይችላል። በአሜሪካ የሞንታና ግዛት ወንዞቹ ሲሞቁ መንግሥት ራሱ ከቀትር በኋላ ከ8 ሰዓት ጀምሮ እስከ እኩለ ሌሊት ማጥመድን ይከለክላል። እኛን እጅግ ያስገረመን ይህ ነው። ወንዙ ባዶ ሳይሆን፣ ዓሣውም ሳያልቅ፣ የውኃው ሙቀት ስለ ወጣ ብቻ ሰው እጁን የሚሰበስብበት ሕግ መኖሩ!

ይህ ሁሉ የባሕር ማዶ ወሬ ብቻ እንዳይመስል፣ ትራውት በኢትዮጵያም አለ። በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ ከኬንያ እየመጣ በባሌ ተራሮች ወንዞች፣ ማለት በወይብ፣ በዳንካና በሻያ ተለቋል። ኬንያም ብትሆን የራሷ አልነበረም፤ እንግሊዞች ናቸው በ1905 ከስኮትላንድ እንቁላሉን አስመጥተው በአበርዴር ተራሮች ያራቡት። እንዲህ እየተቀባበለ ከስኮትላንድ ጭጋግ ወደ ባሌ ጭጋግ ደረሰ ማለት ነው።

ዩኒቨርሲቲ ሳለን ለጥናት ጉዞ ዲንሾ ሄደን ነበር። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት ያለው በዚያ ነው፤ ፓርኩ በ1970 የተቋቋመ ሲሆን በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብቷል። ዲንሾ ከባሕር ወለል በላይ 3000 ሜትር ገደማ ነው። በጥር ወር ማለዳ የወይብ ውኃ የጠጅ ብርሌ ይመስል ነበር፤ ከታች ያለውን ጠጠር አንድ በአንድ መቁጠር ይቻላል። አንድ ሽማግሌ የውጭ አገር ሰው እስከ ጉልበቱ ውኃ ውስጥ ቆሞ ዘንጉን ያወናጭፋል። አንድ ሰዓት ያህል አየነው። በዚያ አንድ ሰዓት ውስጥ አንድም ዓሣ አልያዘም፤ ፊቱ ላይ ግን የቅሬታ ምልክት የለም። እኛም ያን ጊዜ በልባችን «ጎጃም ምን ጎደለው?» አልን።

ይህን ያልንበት ምክንያት አለን። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ የዓባይን በረሃ ተሻግሮ ደጀን የደረሰ መንገደኛ ወደ ቀኝ ቢታጠፍ በቢቸናና በሞጣ አድርጎ ባሕር ዳር ይገባል። በዚያ መንገድ በግራ በኩል እንደ ግድግዳ የሚታየው ጮቄ ነው። ከፍታው ከ4000 ሜትር ያልፋል። ከርሱ የሚነሡት ወንዞች፣ ሙጋ፣ ሱሃ፣ አዝዋሪና ሌሎችም፣ የቀድሞዎቹን የቢቸናና የሞጣ አውራጃዎች እየሰነጠቁ ወደ ዓባይ ይወርዳሉ። ቢቸናም ሞጣም ወደ 2500 ሜትር ከፍታ ላይ የተቀመጡ ናቸው። ሽቅብ በወጣን ቁጥር በየ1000 ሜትሩ አየሩ 6 ዲግሪ ያህል እንደሚቀዘቅዝ በትምህርት ቤት ተምረናል። ቁመት አለ፣ ብርድ አለ፣ ምንጭ አለ፤ ዓሣው ብቻ ይምጣልን!

በሞጣ ተመድቦ ይሠራ የነበረ የአንድ ክፍል ጓደኛችን በሐሳቡ ተቃጠለ። ጥናቱን አብረን ጻፍነው። ትራውት በጮቄ ወንዞች ቢለቀቅ ጎብኚ ይመጣል፣ ሆቴል ይከፈታል፣ በጾም ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር እንዳለ ሆኖ ለገበሬውም ምግብ ይሆናል አልን። ስለ ውኃው ሁኔታ በጻፍነው ምዕራፍ ላይ ግን የፈረንጆቹን መጻሕፍት ተከትለን፣ አስጊው ወር ሰኔ፣ ሐምሌና ነሐሴ ነው፣ በነዚህ ወራት የጮቄ ውኃ ቀዝቃዛ መሆኑ ከተረጋገጠ ሌላ ችግር የለም ብለን ደመደምን። ስሕተቱ ይህ ነው።

ለማረጋገጥ በሐምሌ ወር ቢቸና ወረድን። ቴርሞሜትር ገዝተናል። ዝናቡ ሌሊቱን ሙሉ ሲወርድ አድሮ ጠዋት አባርቷል፤ ጭቃው ጫማ ያወልቃል። በዚያ አካባቢ ያለው መሬት ጥቁር መረሬ ነው፣ ለጤፍ የተመሰገነ፣ ለእግረኛ ግን የማይራራ። ሱሃ ስንደርስ ወንዙ ከመልኩ ይልቅ በድምፁ ነው የታወቀን። ቀለሙ እንደ ተልባ ወጥ ነበር። ከዳር ቆመን ቴርሞሜትሩን በገመድ አስረን ነከርነው። ጓደኛችን «ስንት ይላል?» ብሎ ጠየቀ። ቁጥሩን ለማንበብ ወደ ውኃው ጎንበስ አልን። ውኃው ውስጥ ስንዝር እንኳ ያልገባው መስታወት ፈጽሞ አይታይም! አውጥተን ብንጠርገውም ዲግሪው ትራውት የሚመቸው ነው፤ ቅዝቃዜውን እጃችንም መስክሯል። ነገር ግን ቁጥሩን ለማንበብ ጭቃውን በመሐረብ መጥረግ አስፈልጎን ነበር።

አንድ አዛውንት ገበሬ ከበሬያቸው ጋር ቆመው ሲያዩን ቆዩና ጠጋ አሉ።

«ምን ጠፋባችሁ ልጆቼ?»

«ምንም አልጠፋብንም አባቴ፤ የውኃውን ብርድ ልንለካ ነው።»

«ብርዱማ ከጥንትም አለ። እኔን ብትጠይቁኝ እነግራችሁ አልነበረም?»

ስለ ትራውት ገለጽንላቸው። ቀዝቃዛና ንጹሕ ውኃ የሚወድ የውጭ ዓሣ መሆኑን፣ እንቁላሉን በጠጠር መካከል እንደሚጥል፣ የሚያድነውንም በዓይኑ አይቶ እንደሆነ። አዛውንቱ በትሕትና አዳመጡን። ከዚያም ወንዙን በበትራቸው እያመለከቱ፣

«እንግዳ ሲጠራ ቤት ይጠረጋል፤ ይሄ አሁን እንግዳ የሚጠራበት ቤት ነው?» አሉ። ቀጥለውም፣ «ይኼ የምታዩት ውኃ አይደለም፣ ያባቴ እርሻ ነው የሚሄደው» አሉና በሬያቸውን እየነዱ ሄዱ።

ጓደኛችንና እኛ ለጥቂት ጊዜ አልተነጋገርንም።

በዚያው ሳምንት ሽቅብ ወደ ጮቄ ወጣን። ድሮ አስታ፣ ጅብራና ጓሳ ይሸፍኑት ከነበረው ተዳፋት ብዙው ዛሬ የገብስና የድንች ማሳ ነው። እርሻው ላይ ውኃ እንዳይተኛ ገበሬው «ፈሰስ» የሚለውን ቦይ ወደ ታች ያወጣል። ይህ ለሰብሉ የሚያስፈልግ ብልሃት ነው፤ ነገር ግን ቁልቁል በሚወርድ መሬት ላይ ሲሆን እያንዳንዱ ፈሰስ ትንሽ ወንዝ ይሆንና አፈሩን ይዞ ይወርዳል። እርከን የተሠራባቸውን ቦታዎችም አይተናል፤ ከነርሱ ሥር የሚወጣው ውኃ በመልኩ የተለየ ነበር። የቀረው አፈር ግን በሙጋና በሱሃ በኩል ዓባይ ይገባል። ዓባይም በጳጉሜን 4 ቀን 2017 በኛ አቆጣጠር፣ በመስከረም 2025 በፈረንጆቹ፣ ወደ ተመረቀው የሕዳሴ ግድብ ይወስደዋል። የባሌን ወይብ ከጮቄ ሱሃ የሚለየው ምን እንደሆነ ያን ጊዜ ገባን። የወይብ ምንጮች በፓርክ ውስጥ ካለው የሣርና የቁጥቋጦ ደጋ ይነሣሉ፤ ቁመትና ብርድ ከሁለቱም አለ።

ጭቃ ለትራውት ምን ያደርገዋል ለሚል አንባቢ እንንገር። ሴቲቱ ትራውት በጅራቷ ጠጠሩን ቆፍራ እንቁላሏን ትጥልና መልሳ ትሸፍነዋለች። ንጹሕ ውኃ በጠጠሩ መካከል እያለፈ ኦክሲጅን ያደርስለታል። ደቃቅ አፈር ግን የጠጠሩን ቀዳዳ ሁሉ እንደ ምርጊት ይደፍነዋል፤ እንቁላሉ ታፍኖ ይቀራል። በድንጋይ ሥር የሚኖሩት የነፍሳት እጮችም፣ የዓሣው ምግብ የሆኑት፣ ይቀበራሉ። የላባ ዝንብ የሚያወናጭፈው ሰው ነገርማ ያስቃል፤ ዓሣው የማያየውን ዝንብ እንዴት ብሎ ይነጥቃል?

የተርጓሚው ተማሪ ስሕተት እንግዲህ እዚህ ላይ ትርጉም አገኘ። የፈረንጆቹ አስጊ ወር ሐምሌ የሆነው ያን ጊዜ ፀሐይ ስለሚበረታና ውኃ ስለሚያንስ ነው። በኛ አገር ይህ የሚሆነው ከመጋቢት እስከ ግንቦት ነው። በሚያዝያ የቢቸናን መንገድ ያየ ሰው ያውቀዋል፤ በክረምት ሰው የሚወስደው ወንዝ ሴቶች እንስራ ለመሙላት ጉድጓድ የሚምሱበት አሸዋ ይሆናል። የቀረውን ደግሞ ለመስኖ በፓምፕ እንስበዋለን። በኩሬ የቆመው ትንሽ ውኃ በፀሐይ ይሞቃል። በከፍታ ላይ ደግሞ አየሩ ስስ ስለሆነ፣ በ2500 ሜትር ያለ ውኃ በባሕር ዳርቻ ካለው ተመሳሳይ ውኃ ይልቅ ወደ ሩብ የሚጠጋ ኦክሲጅን ይጎድለዋል። እኛ ቁመቱን እንደ ጥቅም ብቻ ቆጥረነው ነበር። እንግዲህ ትራውቱ ቢመጣ በሚያዝያ በሙቀት፣ በሐምሌ በጭቃ፣ በዓመት ሁለት ጊዜ ሊታፈን ነው። ጥናታችን ግን ሐምሌን በብርድ መርጦ፣ ሚያዝያን ፈጽሞ አላነሣትም።

ይህን ካየን በኋላ እንኳ ጓደኛችን ተስፋ አልቆረጠም። «አፈሩን ካቆምን በኋላስ?» አለ። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም፤ ነገር ግን ሌላ ጥያቄ ይወልዳል። በነዚህ ወንዞች ውስጥ አሁን የሚኖረው ማን ነው?

ባዶ ናቸው ብለን በጥናቱ ላይ ጽፈን ነበር። ባዶ አይደሉም። ከጢስ ዓባይ ፏፏቴ በላይም በታችም ባርበስ የሚባለው የዓሣ ወገን ይኖራል። በጣና ብቻ በሌላ የዓለም ክፍል የማይገኙ አሥራ አምስት ያህል የባርበስ ዓይነቶች ተቆጥረዋል። ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል በ1830ዎቹ አገራችንን ጎብኝቶ ሲመለስ ከነዚህ ዓሦች አንዳንዶቹን ለሳይንስ ዓለም አስተዋወቀ፤ ከነርሱ ጋር በ1835 የገለጸው አንድ ሌላ ዓሣ እስከ ዛሬ በሳይንስ መዝገብ ስሙ «በሶ» ነው። እኛ በሶን የምናውቀው የመንገድ ስንቅ ሆኖ ነበር! በቅርብ ጊዜም አበበ ጌታሁንና እሸቴ ደጀን የጣናን ዓሦች ዘርዝረው በ2012 መጽሐፍ አሳትመዋል። የሚያሳፍረው፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ስለ ስኮትላንድ ትራውት ስናነብ ይህን መጽሐፍ አንድ ቀን አለመግለጣችን ነው።

ባርበስም እንደ ትራውት ጠጠር ይፈልጋል። ከጣና ባርበሶች ብዙዎቹ በክረምት፣ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ፣ ወደ ጉማራና ወደ ርብ የመሳሰሉት ወንዞች ሽቅብ ይወጣሉ፤ ንጹሕ ጠጠር ያለበትን ገባር ፈልገው እንቁላላቸውን ይጥላሉ። ሰውም የሚጠብቃቸው ያን ጊዜ ነው። በወንዙ አፍ ላይ መረብ ይዘረጋል። ሽቅብ ባለው ደግሞ የብርብራ ፍሬ እየተወቀጠ ውኃ ውስጥ ይጨመራል። ብርብራ የአገራችን ዛፍ ነው፤ በፍሬው ያለው መርዝ ዓሣው ኦክሲጅኑን እንዳይጠቀምበት ያደርገዋል። ትልቁም ትንሹም፣ እንቁላል የያዘችውም ያልያዘችውም፣ ሆዱን ወደ ላይ አድርጎ ይንሳፈፋል። በ1980ዎቹ በጣና ላይ የሞተር ጀልባና የናይሎን መረብ ከገባ በኋላ በተከተለው ዐሥር ዓመት ውስጥ ወደ ወንዝ የሚወጡት ባርበሶች ክፉኛ እንደ ቀነሱ ተመራማሪዎች መዝግበዋል። በ1995 ዓመተ ምሕረት በኛ አቆጣጠር የወጣ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315 አለ፤ የሞጣውን ጓደኛችንን ስለዚህ አዋጅ ብንጠይቀው በመሥሪያ ቤቱ መደርደሪያ ላይ አይቶት እንደማያውቅ ነገረን። እኛም ከርሱ አልተሻልንም።

እንግዲህ በዚህ ውኃ ላይ ሥጋ በል የሆነ የውጭ ዓሣ መጨመር ምን ማለት እንደሆነ ከሌሎች አገሮች መማር ይቻላል። በ1864 ኖርፎክ በተባለች መርከብ ከእንግሊዝ የተነሣ የትራውት እንቁላል በእርጥብ ሽበትና በበረዶ ተሸፍኖ ታዝማኒያ ደረሰ። ሦስት ወር ገደማ የፈጀ ጉዞ ነው፤ ትዕግሥታቸውን ማድነቅ ይገባል። ከዚያ ወደ ኒው ዚላንድ ተሻገረ። ዛሬ ኒው ዚላንድ በትራውቷ ከዓለም ዙሪያ አጥማጅ ትጠራለች፤ ይህን መካድ አንችልም። ግን ደግሞ በወንዞቿ የነበሩት ትንንሽ የአገሩ ዓሦች ከብዙ ቦታ ተባርረዋል። በደቡብ አሜሪካ በቲቲካካ ሐይቅም በ1940ዎቹ ትራውት ከተለቀቀ በኋላ ኦሬስትያስ ኩቪዬሪ የተባለው የሐይቁ ዓሣ ጠፍቷል። ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ማኅበር ከዓለም እጅግ አስከፊ ናቸው ብሎ በዘረዘራቸው 100 ወራሪ ፍጥረታት መካከል ቡናማውም ቀስተ ደመናውም ትራውት ሁለቱም ገብተዋል። በባሌ ያለው ባለበት ይቆይ፤ ለዲንሾም ጠቅሟል። ወደ ጮቄ ማምጣቱን ግን ተቃውመናል። ጥናቱ ላይ የኛም ፊርማ ስላለበት፣ ተቃውሟችንን ለጓደኛችን በደብዳቤ ጻፍንለት።

መልሱ ዘግይቶ መጣ። እውነቱን እንናገር፣ ተቆጥቶ ነበር። አዲስ አበባ ተቀምጦ «አይሆንም» ማለት ቀላል ነው፣ እኔ በሞጣ የማሳየው ሥራ ያስፈልገኛል ይላል። ትክክል ነው። ወጣት ባለሥልጣን በሪፖርቱ «ምንም አላመጣሁም» ብሎ መጻፍ አይችልም፤ አዲስ ዓሣ አመጣሁ ማለት ፎቶግራፍ አለው፣ በአዝዋሪ ላይ ብርብራ እንዳይጨመር አደረግሁ ማለት ፎቶግራፍ የለውም። ይህን ችግር እንዴት እንደምንፈታው አናውቅም ነበር። የፈታው ከደቡብ አፍሪካ የተገኘ ወሬ ነው። በቫልና በኦሬንጅ ወንዞች ቢጫ ዓሣ የሚሏቸው ዓሦች አሉ። የኛ ባርበስ የቅርብ ዘመዶች ናቸው። የዚያ አገር የላባ ዝንብ አጥማጆች እነዚህን ዓሦች ከትራውት አስበልጠው የሚወዱበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ጉልበታቸው ብርቱ ነውና። ይህን ጽፈን ላክንለት። ደብዳቤውን ሲያነብ ጥናቱን ከፊቱ ገልጦ እንደ ነበረና በርእሱ ላይ «ትራውት» የሚለውን ቃል በቀይ እስክሪብቶ ሰርዞ «ባርበስ» ብሎ እንደ ጻፈ በኋላ ነገረን። ከዚያም ስለ እርከን የሚናገር ምዕራፍ በመጀመሪያ ላይ ጨመረ፤ ስለ ብርብራ ሁለተኛ፤ ሆቴሉን ወደ መጨረሻ ገፋው።

በጥቅምት ወር ሞጣ ሄድን። ዝናቡ ቆሟል፣ አደይ አበባው እየረገፈ ነው፣ ውኃውም መጥራት ጀምሯል። ለኛ አገር አጥማጅ ጥሩው ወር ይህ ነው ብለን እናምናለን፤ ጎርፉ አልፎ ሙቀቱ ያልመጣበት። ጓደኛችን ከገበያ የቀይ አውራ ዶሮ ላባ ገዝቶ፣ ከልብስ ሰፊ ክር ለምኖ፣ በሻማ ብርሃን ሦስት ዝንብ አሥሯል። አንዱ በእርግጥ ዝንብ ይመስል ነበር። በማለዳ ወደ ዓባይ ከሚወርዱት ወንዞች ወደ አንዱ ቁልቁል ተጓዝን። ቴርሞሜትሩን ነከርን፤ ቁጥሩ ከውኃው ውስጥ እንዳለ ተነበበ።

ረፋዱ ላይ ክሩ ተወጠረ። ዘንጋችን ቀርከሃ ነው፣ ሊሰበር ደረሰ። የወጣው ዓሣ ከክንድ ያነሰ፣ ጎኑ ወርቃማ ነበር። ጓደኛችን እጁን በውኃ አርሶ ያዘው፣ መንጠቆውን ከከንፈሩ ነቀለ፣ ራሱን ወደ ወራጁ አቅጣጫ አድርጎ እስኪጠነክር ድረስ ደግፎ ከቆየ በኋላ ለቀቀው። ከበጎቹ ጋር ሆኖ ከአፋፍ ሲያየን የነበረ ልጅ እየሮጠ ወረደ።

«ጋሼ፣ አመለጣችሁ?»

«አላመለጠንም፤ ለቀቅነው።»

ልጁ መጀመሪያ እኛን፣ ቀጥሎ ውኃውን ተመለከተ።

«እና ከማለዳ ጀምሮ እዚህ የቆማችሁት ምን ልትሠሩ ነው?»

ጓደኛችን ሊመልስለት አፉን ከፈተና ሳቀ። ከዚያም የቀሩትን ሁለት ዝንቦች ከቆቡ ላይ ነቅሎ ልጁን ከአጠገቡ አስቀመጠና ቋጠሮው እንዴት እንደሚታሰር ያሳየው ጀመር።